«እኔ ማን ነኝና ልጻፍ?» ለሚሉ

ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ወይም ስልክዎ ውስጥ ከአስቤዛ ዝርዝርና ከሰው ስልክ ቁጥር ጋር ተደባልቆ ተቀምጧል። ሁለት ሦስት ግጥም፣ አጋማሽ ላይ የቆመ አጭር ልብ ወለድ፣ ስለ አባትዎ የተጀመረ አንድ ገጽ። «እስቲ አሳዩን» ሲባሉ «ገና ነው፤ አልበሰለም» ይላሉ። ጽሑፉንማ ከጻፉት ወዲህ ደግመው አላነበቡትም። አልበሰለም ያሉት ራስዎን ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ሁሌ ለራሱ የሚነግረው ዕቅድ አለ፤ መጀመሪያ በራሴ ልተማመን፣ ከዚያ እጽፋለሁ። ይህ መመሪያ ያንን ዕቅድ ለማፍረስ የተጻፈ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ሊቅ አልበርት ባንዱራ በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰው «እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከየት እንደሚያገኘው ሲመረምር አራት ምንጮች ለይቷል። ራስ ሠርቶ ማየት፣ መሰሎቻችን ሲሠሩ ማየት፣ የሌሎች ማበረታቻ፣ እንዲሁም በዚያች ሰዓት ሰውነታችንና ስሜታችን ያለበት ሁኔታ። ከአራቱ ብርቱው የመጀመሪያው ነው ይላል። ስለዚህ መተማመኑ የሚመጣው ተጽፎ ካለቀ ነገር ነው፤ ቀድሞ ከየትም ተበድረው አያመጡትም። ከዚህ በታች ያሉት ሁሉ አንድ ነገር ጽፎ ወደ መጨረስ የሚወስዱ መንገዶች ናቸው።

መጀመሪያ፦ የትኛው ፍርሃት እንደሆነ ይለዩ

«በራሴ አልተማመንም» የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት ፍርሃት ይሸፍናል። አንደኛው ስለ ችሎታ ነው፦ «የምጽፈው ደረቅ ነው፣ ነፍስ የለውም»። ሁለተኛው ስለ ሰው ነው፦ «አክስቴ ካነበበችው ስለ እሷ እንደሆነ ታውቃለች»፣ «መሥሪያ ቤት መሳቂያ እሆናለሁ»። ሦስተኛው ስለ መብት ነው፦ «ዲግሪዬ በሒሳብ አያያዝ ነው»፣ «አገር ከለቀቅሁ ሃያ ዓመቴ፣ አማርኛዬ አርጅቷል፤ እኔ ማን ነኝና?»

መድኃኒታቸው አንድ አይደለም። ችሎታ በልምምድ ይስተካከላል። የሰው ነገር በጥንቃቄ ይያዛል፤ ስም ይለወጣል፣ ሰፈር ይቀየራል፣ አንዳንዱም ተጽፎ ሳይታተም ይቀመጣል። ግን ይጻፍ። ይሉኝታ ማሳተም ላይ ድምፅ ይኑረው፣ ረቂቅ ላይ አይኑረው። የመብቱ ነገር ደግሞ ብዙ ወሬ አያስፈልገውም፤ ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ የለም። ደራሲው አዳም ረታ አገር ቤት ያልሆነ ሰማይ ሥር ተቀምጦ ስንት ዓመት በአማርኛ እንደጻፈ ያነበበው ሁሉ ያውቃል።

ከዚያ ፍርሃቱን የሚያራግፉበት ርካሽ ደብተር ይግዙ። ጆን ስታይንቤክ በ1938 እ.ኤ.አ. «ዘ ግሬፕስ ኦፍ ራዝ» የተባለውን ልብ ወለዱን ሲጽፍ ከጎኑ የሥራ ማስታወሻ ነበረው። ስንፍናውን፣ የሰፈሩን ጫጫታ፣ ደራሲ ነኝ ብሎ ራሱንም ሰውንም እንዳታለለ እዚያ ላይ ያሰፍራል፤ ከዚያ ወደ ዕለቱ ሥራ ይገባል። ልብ ወለዱን አምስት ወር በሚሆን ጊዜ ውስጥ ጨረሰው። በ1939 ታተመ፤ ሰውየው በ1962 ኖቤል ተሸለመ። ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ሽልማቱን አይደለም። ሊጨርሰው ሳምንታት ሲቀሩት እንኳ መጽሐፉ ተራ ነገር እንደሆነ ይጠራጠር ነበር። ጥርጣሬው አልለቀቀውም፤ ግን ቦታ ተሰጥቶት ነበር። እርስዎም አምስት ደቂቃ ይስጡት። በአምስተኛው ደቂቃ ደብተሩ ይዘጋ።

ሁለተኛ፦ አጭር ነገር፣ ግን ሙሉ

ዋሸራም ይሁን ጎንጅ፣ ቅኔ ቤት የገባ ጀማሪ መወድስ አምጣ አይባልም። መወድስ ስምንት ቤት ነው። ጀማሪው የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት። እሱ ሲደላደልለት ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ ሦስት ቤት። ዋዜማ አምስት ይሆናል። እንዲህ እያለ ይወጣል። ተማሪው ከጓደኞቹ ነጠል ብሎ፣ ዛፍ ሥር ወይም ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ መጥቶ ለአስነጋሪው ወይም ለየኔታ ይነግራል። ይታረማል። በማግሥቱ ሌላ ይዞ መምጣት አለበት፤ የትናንቱን መድገም አይቻልም።

ይህ ሥርዓት ስለ መተማመን ምንም ሳያወራ መተማመንን ያበጃል። ለጀማሪው የተሰጠው ሥራ አጭር ነው፤ ቢሆንም የትልቁ ቁራጭ አይደለም። ሁለት ቤቷ ራሷን የቻለች ቅኔ ናት፤ ሞላች ጎደለች ተብላ ትመዘናለች። ብቻ የሚሆኑበት ሰዓትና ሰው ፊት የሚቀርቡበት ሰዓትም ተለይቷል፤ ቁጥቋጦው ውስጥ የኔታ የሉም። ደግሞም ነገ ሌላ ስለሚጠበቅ ዛሬ በተሰበረው ላይ ተቀምጦ ማልቀስ አይመችም። የኔታ ሊቆጡ ይችላሉ፣ አንዳንዴም ቁጣው ያማል፤ ግን ተማሪው ከቁጣው በኋላ የሚሄድበት ሥራ አለው።

በስድ ንባብ ወይም በዘመን ግጥም ይህን እንዲህ ያድርጉት። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀን አንድ አንቀጽ ይጻፉ፤ አንድ ሰው አንድ ነገር ሲያደርግ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ቦታውን ሲያስጠብቅ። እናት የልጇን ዩኒፎርም ስታሳጥር። አንቀጹ መጀመሪያና መጨረሻ ይኑረው፤ ለረጅም ታሪክ መግቢያ እንዲሆን አይጻፍ። ቀኑን ከላይ ይጻፉበት። ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ሳምንታት በሁለት ቀን አንድ ገጽ። ከዚያ በሳምንት አንድ፣ ሦስት ገጽ የሚሆን ሙሉ ታሪክ ወይም ወግ። አራት መቶ ገጽ የሚሆነው ልብ ወለድ ይጠብቅ። እሱ የትም አይሄድም፤ አሁን ግን በየቀኑ «አልቻልክም» የሚልዎት እሱ ነው።

ሰዓቱስ? አንቶኒ ትሮሎፕ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ሳለ ነው ብዙ ልብ ወለዶቹን የጻፈው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛው ፊት ይቀመጣል፤ ሰዓቱን ከፊቱ አድርጎ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት ከራሱ ይጠይቃል። 250ውን እንኳ አልመክርም፤ አንድ የአማርኛ ቃል ስንት ነገር ተሸክሞ እንደሚሄድ እናውቃለን። የምወድለት ሌላውን ነው፤ ለሚቀሰቅሰው አሽከር በዓመት አምስት ፓውንድ ጨምሮ ይከፍል ነበር። መነሣቱን ለራሱ ልብ አልተወውም። እርስዎ አሽከር የለዎትም፤ ግን «ዛሬስ ጻፍክ?» ብሎ ማታ ማታ የሚደውል አንድ ወዳጅ አይጠፋም።

ሦስተኛ፦ ፍርዱን ከራስዎ አንሥተው ዓረፍተ ነገሩ ላይ ያድርጉት

እዚህ ላይ ረዘም ብለው ይቆዩ፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። አንድ ጀማሪ ስለ አያቱ እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦

«አያቴ በጣም ደግ ሴት ነበሩ። ጎረቤቱ ሁሉ ይወዳቸው ነበር። እንግዳ ተቀባይነታቸው የሚደነቅ ነበር።»

መልሶ ሲያነበው ደነገጠ። «ይኸው፣ ደረቅ ነኝ» አለ። ይህ ፍርድ ነው፤ የተፈረደውም ሰው ላይ ነው። ፍርድ ደግሞ አይታረምም፤ ተቀብለውት ይተኛሉ ወይም ይጣሉታል። ፍርዱን ትተን ጥያቄ እንጠይቅ። ደግ መሆናቸውን ያየው መቼ ነው? የት ተቀምጠው? እጃቸው ላይ ምን ነበር? ጸሐፊው ትንሽ አሰበና ይህን አመጣ፦

«አያቴ ቡና ሲያፈሉ ረከቦቱ ላይ አንድ ሲኒ አስተርፈው ይደረድራሉ። የማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ብዙ ጊዜ አቦሉ ሳይቀዳ አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ያስላል። ሰው ያልመጣ ዕለት ደግሞ ያችን ያልተነካች ሲኒ ከሌሎቹ ጋር አብረው ያጥቧታል።»

በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሰው ተሰጥኦ አይለወጥም። «ደግ» የሚለው ቃል ወጣ፤ «የሚደነቅ» ወጣ፤ ሲኒዋ ገባች። ይህን አንዴ በገዛ እጁ ያደረገ ሰው ቀጥሎ ደረቅ አንቀጽ ሲያይ የሚያስታውሰው አለው፤ ደረቅ አንቀጽ መጠየቅ እንዳለበት።

ስለዚህ በራስዎ ላይ የሚያወርዱትን እያንዳንዱን ስድብ ወደ ጥያቄ ይለውጡት። «አሰልቺ ነኝ» ካሉ፣ ሲያነቡት እርስዎ ራስዎ የትኛውን አንቀጽ ዘለሉ? «ንግግሩ የውሸት ነው» ካሉ፣ ጮክ ብለው ያንብቡትና ምላስዎ የተደናቀፈበትን ያስምሩበት። ጮክ ብሎ ማንበብ በአማርኛ በተለይ ይሠራል፤ አንድ የላላ ቃል ሲጠብቅ፣ አንድ ግስ ከባለቤቱ ርቆ ሲወድቅ ዓይን ሳያየው ጆሮ ይይዘዋል። «ይህን ሌላ ሰው ቀድሞ ጽፎታል» ካሉም፣ በገጹ ላይ እርስዎ ብቻ ያዩት ነገር የትኛው ነው? ከሌለ ለጊዜው ፍርዱ ልክ ነው፤ ሄደው ያምጡት።

አራተኛ፦ ፊደሉን ለመጨረሻ

ሁለት ገጽ ታሪክ ተነቦ የሚመጣው አስተያየት አንዳንዴ «‹ጸሎት› በጸሎቱ ጸ ነው» ብቻ ይሆናል። በዚህች አንዲት መስመር ብዕሩን ያስቀመጠ ስንት ሰው አለ! ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ላይ ታላላቆቹም እርስ በርስ አልተስማሙም፤ የታተሙ መጻሕፍትን ገልጦ ማየት ነው። አንድ መዝገበ ቃላት ይምረጡ። የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» አለ፣ በ1962 ዓ.ም. የታተመው፤ ወይም ሌላ የሚያምኑትን። የመጨረሻው ረቂቅ ላይ አንድ ቃል ከዳር እስከ ዳር በአንድ ዓይነት መጻፉን ያረጋግጡ። ከዚያ በፊት ለፊደል ብለው ዓረፍተ ነገር አያቋርጡ።

አምስተኛ፦ ከማን ጋር እንደሚወዳደሩ ይወቁ

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ሐዲስ ዓለማየሁ ሃምሳ ዓመት አልፏቸው ነበር። ከዚያ በፊት ጣሊያንን ተዋግተዋል፣ ተማርከው ጣሊያን አገር ታስረዋል፣ ከነፃነት በኋላ በዲፕሎማትነት ከአገር አገር ዞረዋል። እርስዎ ያን መጽሐፍ አንብበው ሲያበቁ፣ ባለፈው ቅዳሜ ያረቀቁትን አንስተው አጠገቡ ያስቀምጡና ልብዎ ይሰበራል። ውድድሩ ከመነሻው የተዛባ ነው፤ የእሳቸውን የመጨረሻ ገጽ ነው ያዩት፣ የተሰረዘውን አላዩም። (ሐዲስ በስንት ዓመታቸው እንደጻፉት ሲሰሙ «እንግዲያው ሠላሳ ዓመት አለኝ» ብለው የሚያርፉም አሉ። ለእነሱ አይደለም የነገርኩት።)

ሁለት ነገር ያድርጉ። የመጀመሪያው፣ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ሄደው ከሚያደንቁት ደራሲ ሥራዎች ሰው ብዙ የማያነሣውን፣ ደከም ያለውን ገዝተው ያንብቡ። ትልቅ ሰው የላላ ምዕራፍ ሲጽፍ ማየት ከአሥር ማበረታቻ ይበልጣል፤ ድክመቱን መለየት መቻልዎ ራሱ ጆሮ እንዳለዎት ምስክር ነው። ሁለተኛው፣ ከምርጡ ሥራው አንድ ገጽ መርጠው በእጅዎ ይገልብጡት፤ ለማንም አያሳዩት፣ ከራስዎ ጽሑፍም ጋር አይቀላቅሉት። ሲያነቡ አስማት የመሰለው ሲገለብጡት አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ረጅም፣ ከዚያ አንድ የዕቃ ስም ሆኖ ይገኛል። ሰው የሠራው ነገር መሆኑ እጅ ላይ ይታወቃል።

ስድስተኛ፦ ሦስት አንባቢ

ሃያ አያስፈልግም። ሦስት ሰው፤ አንደኛው ብዙ የሚያነብ፣ አንደኛው እምብዛም የማያነብ ግን ወሬ የሚችል፣ ሦስተኛው እንደ እርስዎ የሚጽፍ። ከሦስተኛው ጋር በየሳምንቱ ቢለዋወጡ ይመረጣል፤ ባንዱራ መሰልን ሲሠራ ማየት ያለው ይህንን ነው። የቤት ሰው የመጀመሪያ አንባቢ ባይሆን እመርጣለሁ፤ ፍቅሩ ዳኝነቱን ይጋርደዋል። ቢሆንም ደንብ አይደለም። ስቴፈን ኪንግ የ«ኬሪ»ን የመጀመሪያ ገጾች ቅርጫት ውስጥ ሲጥላቸው አንሥታ አንብባ «ቀጥልበት» ያለችው ሚስቱ ናት፤ በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉ እሱ ሆነ። እንዲህ ያለ ሰው ቤትዎ ካለ ይጠቀሙበት።

እኛ ጋ ችግሩ ከክፋት ይልቅ ከይሉኝታ ይመጣል። «እንዴት አየኸው?» ብለው ከጠየቁ የሚያገኙት «አሪፍ ነው፣ በርታ» ነው። ወሬው እዚያው ይሞታል፤ እርስዎም ማታ ላይ «አዝኖልኝ ነው» ማለት ይጀምራሉ። ስለዚህ ሊዋሽበት የማይመች ጥያቄ ይጠይቁ።

«የት ጋ አቆምሽ?»

«አላቆምኩም እኮ፣ ጨርሼዋለሁ።»

«እሺ፣ የት ጋ ስልክሽን አየት አደረግሽ?»

«እ… ሰርጉ ጋ። ስሞቹ በዙብኝ። ሚዜው የማን ወንድም ነበር?»

ይኸው ሥራ ተገኘ። ከሦስቱ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ከተደናቀፉ ጉድለቱ የጽሑፉ ነው፤ ያቃኑት። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ አንድ ቀን ያሳድሩት። ሲነግሩዎት «እኔ ለማለት የፈለግሁት…» አይበሉ፤ የሚሉትን ይጻፉ፣ ያመስግኑ፣ ቡናውን ይክፈሉ። አንባቢው መድኃኒቱን ጭምር ካዘዘልዎ («ልጅቱን ብትገድላት») ሕመሙን ብቻ ይውሰዱ፤ ማከሙ የእርስዎ ነው።

ሁሉን የሚያፈርስና ራሱ አንድ ገጽ የማይጽፍ ሰው ካለ ረቂቅ አይስጡት። ቡና ግን ይጠጡ፤ ጥሩ ወሬኛ ነው።

ሰባተኛ፦ ማውጣት

ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ የሚለጥፉ ከሆነ በጻፉበት ቀን አይለጥፉ። ቢያንስ አንድ ሳምንት ይደርና ያቃኑት። ከለጠፉ በኋላ ስልኩን ሌላ ክፍል ያስቀምጡ፤ በየሁለት ደቂቃው ላይክ የሚቆጥር ሰው የዚያን ምሽት ገጽ አይጽፍም። ቁጥሩም ብዙ አይነግርም፤ የበዓል ዋዜማ የተለጠፈች አራት መስመር ግጥም ከተለፋበት ወግ አሥር እጥፍ ስትወደድ ሁላችንም አይተናል።

ጭብጨባ ሲመጣስ? በ1978 እ.ኤ.አ. ፖሊን ክላንስ እና ሱዛን አይምስ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በትምህርትና በሥራ የተመሰገኑ ሴቶችን አጥንተው ነበር። ብዙዎቹ ዲግሪውም ዝናውም እያለ «ሰው ተሳስቶብኝ ነው፤ አንድ ቀን ይጋለጥብኛል» ይሉ ነበር። ስለዚህ «ተሰጥኦ አለህ» የሚለውን ምስጋና ብዙ አይመኩበት፤ ልብ ካልፈለገ የሚያመልጥበት ቀዳዳ አያጣም። የተለየ ነገር የሚጠቅስ አስተያየት ግን ይሰብስቡ። «ሲኒዋን ያጠቧት ጋ አያቴ ትዝ አሉኝ» ያለዎት ሰው ካለ ቃሉን ከነቀኑ ደብተር ላይ ያስፍሩት። በዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ የሆነ ነገር መሥራቱን መካድ ይከብዳል።

ለመጽሔት ወይም ለሬዲዮ ፕሮግራም የላኩት መልስ ላያገኝ ይችላል። ዝምታው ብዙ ጊዜ የአዘጋጁ ሥራ መብዛት ነው። አንድ ወር ይጠብቁ፣ በትሕትና አንድ ጊዜ ይጠይቁ፣ ከዚያ ለሌላ ይላኩት። በዚያ ወር ውስጥ ቀጣዩ ጽሑፍ መጀመር አለበት፤ አንድ ብቻ ልኮ የተቀመጠ ሰው መልሱን ስለ ራሱ እንደሚሰጥ ብይን ነው የሚጠብቀው። አራት አምስት የላከ ግን የትኛው የት እንዳለ ራሱም ይረሳል።

መጽሐፍ ለማሳተም ሲያስቡ ነገሩ ወደ ኪስ ይመጣል። ከደራሲዎቻችን ብዙዎቹ በገዛ ገንዘባቸው ነው የሚያሳትሙት፤ የወረቀት ዋጋ ደግሞ የሚታወቅ ነው። ማተሚያ ቤት ሄደው ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ከሦስቱ አንባቢዎች ውጭ የሆነ፣ እርስዎን የማያውቅ አርታኢ ያስነብቡት። ብዙዎች ይህን የሚዘሉት በንቀት ሳይሆን በፍርሃት ነው፤ «አይረባም» እንዳይባሉ ቶሎ አሳትመው መገላገል ይፈልጋሉ። ያለዎት ገንዘብ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለአርታኢው ይክፈሉ፤ ባለቀለሙ ሽፋንና የምረቃው አዳራሽ ይቆዩ።